ፍሬን የሚያዝበት ቦታ

የመጨረሻው መስመር ፊቷ ድቅን ሲል የዶሪን እግር አሁንም ነዳጁ ላይ ነበር። ፍሬን የሚያዘው እዚህ ነው። አባቷ ቨርን በዚህችው ቀይ መኪና ሲወዳደር፣ አንድም ቀን ፍሬን ሳይዝ መስመሩን አልፎ አያውቅም። "ፋብሪካው ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ብሎ ጻፈላት እንጂ የእሷ ጉድ ሌላ ነው፤ ዳኞቹ ካወቁባት ጉልበታቸው ከበዛው መኪኖች ጋር ይመድቡናል" ይል ነበር። የኢንዲያና ተወዳዳሪ ሁሉ "የቨርንን መኪና ጉልበት የሚያውቁት ቨርንና እግዜር ብቻ ናቸው" ይላል።

ዛሬ ወገቡን ስላመመው እሷ ነዳች። መነሻው ላይ አንገቱን በመስኮት አስግጎ "አደራ ልጄ፣ መጨረሻው ላይ ያዢ" ብሏታል። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲወራላት የኖረውን ጉልበት አንዴ፣ አንዴ ብቻ ማየት አማራት። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው። ሞተሩ ጮኸ፣ መስመሩ አለፈ፤ ሌላ ጉልበት ግን ከየትም አልመጣም። ሰሌዳው ላይ የበራው ፍጥነት አባቷ ፍሬን ይዞ ከሚያመጣው በአንዲት ማይል ብቻ በለጠ። መኪናዋ ፋብሪካው እንዳለው ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም።

ስትመለስ ተወዳዳሪዎቹ አባቷን ከበውት ቆመዋል። "ቨርን፣ ያ የደበቅከው ጉልበት ዛሬም አልወጣም እኮ!" አለ አንዱ እየሳቀ። አባቷ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

"ፍሬን ይዘሻል አይደል?" አላት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ዓይኖቹ ግን ይለምኗት ነበር።

"ይዣለሁ እንጂ አባዬ" አለች፤ "ያውም ቀደም ብዬ።"