በሩ ሥር የተነጠፈው ፍራሽ

የልጄ ፍራሽ ቦታ እየቀየረ መምጣቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ቴኳንዶ ስትጀምር፣ ነጭ ቀበቶ ሳለች፣ ከእኔ ጋር ጓዳ ትተኛ ነበር። ቢጫውን ስታስር ወደ ሳሎን ወጣች። በአረንጓዴው ሶፋውን አለፈች፤ ሰማያዊው ሲሰጣት በሩ ሥር አነጠፈች። እኔ የምፈራው ጥርሷን እንዳያረግፏት ነበር።

ለቀይ ቀበቶ ስትፈተን ከአባቷ ጋር ሄደን አየናት። ተጋጣሚዎች ከመማታታቸው በፊት ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ።

“ጨዋ ስፖርት ነው” ብሎ አባቷ አጨበጨበ።

ዛሬ ሲመሽ ጠጥቶ መጣ። እንደ ሁልጊዜው በሩን ሳልቆልፍ ትቼው ነበር፤ ተቆልፎ ካገኘው ዱላው ይበረታል። የሱሪውን ቀበቶ እየፈታ፣ “እናትሽ የታለች?” አላት።

ልጄ ከፍራሿ ተነሳች። ቀይ ቀበቶዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው።

ቀበቶው ከእጁ እንደተንጠለጠለ ፈዞ ቀረ።

“እኔ እኮ አባትሽ ነኝ።”

“አውቃለሁ አባዬ።”

የኋሊት እየተራመደ ወጣ። እኔም ከጓዳ መጥቼ፣ ዝጎ የከረመውን ቁልፍ አዙሬ በሩን ቆለፍኩት።