ዶሮዎቼን ምን ነካቸው?

ሰማዩ ላይ የፀሐይን ብርሃን ሌት ተቀን የሚመልስ መስታወት ተሰቅሎ ደሴ ላይ ሌሊት ከቀረ ወዲህ፣ መጋረጃም ከተከለከለ ወዲህ፣ እኛስ ሸለብ እያደረግን መኖር ለመድን። ዶሮዎቼ ግን ታመሙ። ላባቸውን ይነጫሉ፤ እንቁላል አቆሙ፤ አውራው ጭራሽ መጮህ ተወ። ሐኪሙ መርምሮ «ምንም የለባቸውም» ብሎኝ ሄደ። ጎረቤቴ እትዬ ዘምዘም «ፈንግል ነው» ቢሉኝ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ቀጥቅጬ አጋትኳቸው። ማስነጠስ ብቻ ሆነ ትርፉ!

በመጨረሻ ባለቤቴ ይርዳው «ሳይሞቱ ይታረዱ» ብሎ ቢላዋ መሳል ጀመረ። ዶሮ ቢላዋ እያየች አትታረድም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ትልቁን ቅርጫት ደፋሁባቸውና የይርዳውን ጥቁር በርኖስ ቅርጫቱ ላይ ደረብኩበት። ወዲያው ከሰርግ ቤት መጥተው እሱን ለድንኳን ተከላ፣ እኔን ለሽንኩርት መክተፍ ወሰዱን። ዶሮዎቹን ረሳናቸው።

ስንመለስ ከበርኖሱ ሥር «ኩኩሉ!» አለ። ስንት ዓመት ያልሰማነው ድምፅ! ሰፈርተኛው ግር ብሎ መጣ፤ እትዬ ዘምዘም እልልታውን አቀለጡት። ቅርጫቱን ሳነሳ አውራው ክንፉን አራገፈ፤ ከአንዷ ሥርም ትኩስ እንቁላል አገኘሁ።

«ለካ የታመሙት እንቅልፍ አጥተው ነው!» ብዬ ወደ ይርዳው ዞር ስል፣ ቅርጫቱን ከነበርኖሱ አናቱ ላይ ደፍቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንኮራፋል።

ሰዉ ሁሉ ተጠግቶ አዳመጠ። ማንኮራፋት ከሰማን ስንት ጊዜያችን!

እትዬ ዘምዘም ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ሲነቃ፣ ቀጥሎ እኔ ነኝ።»