ሐዲድ የሌለው ሰፈር

"አንድ ባቡር የሚያነሳውን ሕዝብ በሚኒባስ እናንሳ ብንል ይህ ዳገት አይበቃንም" አለች የባቡር መስመሩ መሐንዲስ ሉሊት፣ ግድግዳው ላይ በበራው ካርታ ላይ ጣቷን እየጎተተች። ቀዩ መስመር ከመሃል ከተማ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ቁስቋም ይወጣል። "ዝናብ እየቀጠቀጣችሁ ታክሲ መጠበቅ ይቀራል። ሕመምተኛም በሰዓቱ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል።"

የወረዳው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሌላ ሰፈር እንደገጠማት "ቤታችንን ልታፈርሱ ነው!" የሚል ጩኸት ጠብቃ ነበር። እዚህ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ቀብር መልስ የተቀመጡ ይመስላሉ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። አቶ ሾዴ ይባላሉ፤ እዚሁ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ሲሸምኑ ያረጁ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ የኛ ነገር ይምጣ አይምጣ አይደለም። ይቁም ነው የምንለው።"

"ማቆሚያማ ይኖረዋል አባባ። አንዱ እንዲያውም እዚሁ በሩ ላይ ነው።"

"የወደፊቱን አላልኩም። አሁን የሚያልፈውን ነው።"

ሉሊት ሳቋ መጣ። ዙሪያዋን ስታይ የሳቀ የለም።

"እዚህ እኮ ገና ሐዲድ አልተዘረጋም፣ አባባ።"

"እሱን እኛም እናውቃለን" አለች አንዲት ነጠላ ሻጭ ከኋላ፣ አንገቷን ሳታቀና።

"ባለቤቴ ሰርኬ ኩላሊቷን ታማ ነበር" አሉ አቶ ሾዴ። "ለሕክምና ስትመላለስ የታክሲው ሰልፍ ነው የጨረሳት። አምና ሐምሌ፣ ጉሙ እንደ ዛሬው ወርዶ፣ 'ሾዴ፣ መጣልኝ' ብላ ከሰልፉ ወጣች። እኔ ጃንጥላ እየዘረጋሁ ነበር። ቀና ስል የለችም። ጫካውን አሰስን፣ ለፖሊስ አመለከትን። ነጠላዋ እንኳ አልተገኘም። አንቺ ካርታው በእጅሽ ነው። የሚያዝዙትን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ። እባክሽ ንገሪልን።"

ሉሊት ወደ ካርታው ዞረች፤ ያኔ ወንበሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተንኳኩ። "ደረሰ" አለ አንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ሕዝቡ ተነስቶ ወጣ፤ ሉሊትም ተከተለች።

ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፉን እስከ ወገቡ ውጦታል። መንገድ ዳር ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ወደ ኋላ ሸሹ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ።

መጀመሪያ እግሯ ሥር መሬቱ ነዘረ። ቀጥሎ የብረት ፉጨት ከታች መጣ፤ ዳገቱ ቅንጣት አልከበደውም። ከፉጨቱ ኋላ ነፋስ ተነሳና የሰዉን ነጠላ ሁሉ ሽቅብ ወሰደው። የባሕር ዛፉ ቅጠል ግን ንቅንቅ አላለም።

"አትጠጊ!" አቶ ሾዴ ክንዷን ያዙ። መራመዷን እንኳ አላወቀችም ነበር።

ድምፁ ፊት ለፊታቸው ሲደርስ፣ ከውስጡ የብዙ ሰው ጫጫታ ተሰማ። ከጫጫታው መሃል የአንዲት ሴት ድምፅ ጠርቶ ወጣ፤ ድካም ያለበት፣ ሰው ላለማስቸገር የሚጠነቀቅ ድምፅ።

"ወራጅ አለ!"

"ሰርኬ!" አሉ ሽማግሌው፣ ክንዷን ሳይለቁ።

ፉጨቱ አልቀነሰም። ወደ ቁስቋም እየራቀ ሄደ፤ ሴትየዋም ከጉሙ ውስጥ፣ እየራቀች፣ እየደጋገመች፦

"ወራጅ አለ... እዚህ ጋ ወራጅ አለ..."