ቃል በቃል የገጠመ መልስ

አባትየው በሩን ፊት ለፊት እያየ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። ልጅቷ ከጎኑ ቆመች። ባዶ ወንበር ነበር፤ አልተቀመጠችም።

ክፍሉ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ነው። የልጆችን ጤና የምትከታተል ባለሙያ በየወሩ ትመጣበታለች። ወፍጮ ቤቱ በከባድ መሣሪያ ከተመታ ወዲህ፣ የሰፈሩ ልጆች እንዴት እንደሚውሉና እንዴት እንደሚያድሩ ትመዝናለች። ይበላሉ ወይ? ይተኛሉ ወይ? ትምህርታቸው ላይ ናቸው ወይ? ከእኩዮቻቸው ጋር ይጫወታሉ ወይ? ድንጋጤው ኑሮ የነሳው ልጅ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ማገገሚያ ይወሰዳል። ወላጅ አብሮ አይገባም። ለመመለሻውም ቀን አይቆረጥለትም።

ስለዚህ ወላጆች መዋሸት ጀመሩ። ጥያቄዎቹ ከቤት ቤት ዞረው ሰፈሩ በቃሉ ያዛቸው። ልጁን ሳያስጠና የሚልክ ጠፋ። ባለሙያዋ ይህን ከነቃች ወዲህ መጀመሪያ ወላጁን፣ ቀጥላ ልጁን ለብቻው ትጠይቃለች። የወላጅና የልጅ መልስ መቼም ጥቂት ይለያያል፤ ልጅ የወላጁን መልስ ቢሰማም በራሱ ቃል ነው የሚናገረው። ቃል በቃል ከገጠመ ተጠንቷል ማለት ነው።

ሲገቡ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ «አሮጊቷ መጣች!» ብሎ ነበር። ልጅቷን ሰፈሩ የሚጠራት እንዲህ ነው። ገና አሥር ዓመቷ ነው።

«ምርኩዝሽስ የታለ?»

«ለእርስዎ አቆይቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

ዘበኛው ከት ብሎ ሳቀ። አባትየው አልሳቀም።

ባለሙያዋ ከእናቲቱ ጀመረች፤ ያን ቀን የት እንደነበረች ጠየቀች።

«ወፍጮ ቤት ነበረች» አለ አባትየው።

«ልጅቷስ?»

«ከእኔ ጋር። ደጅ ላይ።»

ባለሙያዋ አልገፋችበትም።

«በደንብ ትበላለች?»

አባትየው ዞሮ ልጅቷን አየ። «ያቀረቡላትን ትበላለች።»

«ትምህርትስ?»

እንደገና አያት። «አትቀርም። አንዳንዴ ታረፍዳለች።»

ባለሙያዋ አተያዩን አልወደደችውም። ከዱላ የሚከፋ ዓይን አለ። ልጅቷ ደግሞ ከንፈሯን ያለ ድምፅ ታንቀሳቅሳለች፤ የሰጧት ቃል እንዳይጠፋት የምትፈራ ተማሪ ትመስላለች።

«ሌሊትስ? ትጮሃለች?»

«ድሮ ጩኸት ነበር። አሁን እንቅልፍ እያገኘን ነው።»

ነፋስ በሩን አጋጨው። አባትየው ብድግ አለ። እጁ ወደ ላይ ተነሣ። ልጅቷ ዘላ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ነፋስ ነው» አለች። «አባዬ፣ ነፋስ ነው። በቃ።»

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ዱላ ሳያርፍ መያዝ የለመደ ልጅ እንዲህ እንደሚፈጥን ታውቃለች። የልጅቷንም መዳፍ አየችው። ውኃ ቋጥሮ ፈርጧል።

«እርሻው እንዴት ነው?» አለች አባትየውን።

«ዘንድሮ ጥቂት ነው የነካነው» ስትል ልጅቷ መለሰች።

«ማን ቆፈረው?»

አባትየው ወለሉን ያያል።

«እስቲ እርስዎ ደጅ ይጠብቁ።»

«ብቻውን?» አለች ልጅቷ።

«አይዞሽ። ከዚያ ሆኖ አይሰማሽም።»

አባትየው ወጣ። ልጅቷ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ባለሙያዋ ወንበሯን አስጠጋች።

«ይመታሻል?»

«አይመታኝም።»

«እርሻ ላይ የሚያሠራሽ ማን ነው?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«እዚህ መጥተሽ እንዲህ በይ ብሎ አስጠንቶሻል አይደል?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ዞረች። «እሱ? እሱ እኮ ነገር መፍጠር አይሆንለትም፣ እትዬ።»

ባለሙያዋ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው አነሣችላት።

«ያቀረቡልኝን እበላለሁ። ከትምህርት አልቀርም፤ አንዳንዴ አረፍዳለሁ። ድሮ ጩኸት ነበር። አሁን እንቅልፍ እያገኘን ነው።»

ቃል በቃል ገጠመ።

«ስሚኝ» አለች ባለሙያዋ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን አንድ ጊዜ ንገሪኝ። ዛሬውኑ ከእሱ አወጣሻለሁ። መኪናው ደጅ ቆሟል።»

ልጅቷ ወድቃ የባለሙያዋን ጉልበት ያዘች።

«እትዬ፣ በሞቴ! በእናትዎ! አይውሰዱኝ። የሚሉኝን ሁሉ እሆናለሁ። አይውሰዱኝ!»

«ምን ብሎ ቢያስፈራራሽ ነው?»

«ምንም! ምንም አላለኝም!»

ባለሙያዋ አነሣቻት። ገላዋን አገላብጣ አየች፤ ሰንበር የለም። መምህርቷን አስጠርታ ጠየቀች። ልጅቷ ከክፍሏ ጎበዝ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ከሰው ጋር አትጣላም፤ ብቻ በእረፍት ሰዓት ወደ ቤት ሮጣ ትመለሳለች። ሚዛኑ የሚለው ግልጽ ነው፤ ይህች ልጅ ደህና ናት። ደህና የሆነ ልጅ ደግሞ በጥርጣሬ ብቻ ከአባቱ አይነጠልም።

ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትቆይ ብላ እያመማት ፈረመች።

ደጅ ወጥታ አባትየው ፊት ቆመች። ከዘበኛው ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተጠግቷል።

«በሚመጣው ወር እንደገና አያችኋለሁ» አለችው። «ያን ጊዜ ጥያቄው ሌላ ነው። ይህች ልጅ ከአቅሟ በላይ ተሸክማለች። እግዜር ይይልዎ።»

«አውቃለሁ» አለ አባትየው።

ባለሙያዋ ጥርሷን ነክሳ ወደ ቢሮው ተመለሰች።

አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። የትምህርት ቤቱን አጥር ዞረው ከሰው ዓይን እንደተሰወሩ አባትየው ጀርባውን ለአጥሩ ሰጠ። መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። በሁለት እጁ ራሱን ሸፈነ። ልጅቷ አጠገቡ ተንበርክካ የግንባሩን ላብ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

«ጎበዝ አባዬ» አለችው፤ «ካስጠናሁህ አንዱንም አልሳትክም።»