ክዳኑ እንደተዘጋ

የባሏ ካሜራ ካርድ ላይ መቶ አርባ ጥሬ የፎቶ ፋይሎች ነበሩ፤ መቶው የከዋክብት፣ አርባው የካሜራው ክዳን እንደተዘጋ የተነሱ። ባሏ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የለመናት አንድ ነገር ቢኖር እነዚህን አዋህዳ አንዲት የከዋክብት ፎቶ እንድትጨርስለት ነበር። በተቀበረ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

«ክዳን ሳያነሳ አርባ ጊዜ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው የባሏ እህት። «አይ ወንድሜ! ድሮም ልቡ ሰማይ ላይ ነው።»

«አውቆ ነው እንጂ! ካሜራው ጨለማ ውስጥም ቢሆን የራሱን ነጠብጣብ ይፈጥራል። እሱን ለብቻው አንስተሽ ከከዋክብቱ ላይ ትቀንሺዋለሽ።»

አርባዎቹን ደራርባ አማካያቸውን አወጣችና ብርሃኑን ከፍ አደረገችው። መሃል ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ተሰብስበው ግንባር ሆኑ፤ ቀጥሎ አፍንጫ፤ ቀጥሎ በግራ ቅንድቡ ላይ የነበረችው ጠባሳ። ባሏ ዓይኑን ገልጦ ያያታል።

እህቱ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ያዘች። «እንዳትቀንሺው! በወንድሜ ሞት!»

«ዋናዎቹ ፋይሎች አይነኩም፣ አይዞሽ» አለች ሚስቱ እጇን ወደ ኪቦርዱ እየሰደደች። «ቃል ገብቼለታለሁ።»

ቀነሰችው። ከዋክብቱ እንደዚያ ጠርተው አያውቁም።

ሁለቱም አልቅሰው ሲወጣላቸው፣ ደግማ ልታየው አርባዎቹን ዋና ፋይሎች አንድ በአንድ ከፈተች። በዙሪያው የነበሩት ነጠብጣቦች እንዳሉ ናቸው። ፊቱ የነበረበት ቦታ ላይ ግን አንድም አልቀረም። የዚያን ቦታ ብርሃን ለካችው፤ በአርባዎቹም ላይ ዜሮ ነበር።