ሌምፒ ቦርድ የገባች ዕለት

ፖርት ሃርላን ውስጥ ሌምፒ ካርቮነንን የማይፈራ ባለሥልጣን አልነበረም። ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ሐይቁ ላይ ከቀረ ወዲህ፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚያቆሙበት ዳርቻ አንዲት ጠባብ ቤት ከወደቡ ተከራይታ፣ በጭስ ያበሰለችውን ዓሣ ትሸጣለች።

ያንን ዳርቻ የወደቡ ቦርድ ለጠጠር ኩባንያ ሊሰጥ ካሰበ ሦስት ዓመቱ። ጠጠር ከተቆለለበት ጀልባም የለ፣ ዓሣም የለ፣ የሌምፒም ቤት የለ። ግን ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ሌምፒ ሽርጧን እንዳደረገች ስብሰባው መሀል ትገባና ድምፅ ማጉያውን ትይዛለች። ለነዋሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው።

"ሰዓትሽ አልቋል" ይላታል ሰብሳቢው።

"ያንተም እያለቀ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ያወካል፣ የቦርዱ አባላት ያቀረቅራሉ፣ ውሳኔው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሄደ።

ከዚያ ከሰባቱ የቦርድ አባላት አንዱ ሞተ። የቀሩት ሦስቱ ከኩባንያው፣ ሦስቱ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለጎደለው ወንበር የከተማው ምክር ቤት አንድ ሰው መርጦ ስሙን ይልካል፣ አገረ ገዥው ይፈርማል። የተላከለትን ስም መልሶ አያውቅም።

ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ከሰባቱ አባላቱ መጀመሪያ የተነሳው ግራንት ሜቻም ነው። ሜቻም ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ አንደበቱ ማር ነው።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ቆማ የጮኸች ሴት እስቲ አሁን ወንበር ታግኝ!" አለ። "ከሌምፒ የተሻለ ማን አለ?"

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሌምፒን በሕይወቷ ማንም ለምንም ነገር አጭቷት አያውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሌላው የምክር ቤት አባል ኦርቪል ታንገን እጁን አወጣ። ታንገን ጨው አቀብሉኝ ለማለትም አንቀጽ የሚጠቅስ ሰው ነው። ልጁ የጠጠር ኩባንያው መኪና ነጂ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የታንገን መኪና ኩባንያው ደጅ ቆማ ታይታለች። በትንሽ ከተማ ይህን ያላየ የለም።

"ሌምፒ ያለችበት ብትቆይ ይሻላል" አለ። "እኔ የማጨው ሚስ ፕራትን ነው።"

ሚስ ፕራት ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከኋላ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች።

"ዓሣ የምታውቀው ሳህን ላይ ነው!" አለ አንዱ።

"ስንት ከፈሉህ ኦርቪል?" አለች ሌምፒ።

"ማንም አልከፈለኝም። የቦርዱን ደንብ ብትመለከቱ፣ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ..."

"ጀመረው ደግሞ!"

"አንቀጽህን ቀቅለህ ብላው!"

ሳቁ አላስጨርሰው አለ። ሜቻም ትከሻውን መታ መታ አደረገና "በቃ ኦርቪል፣ ሕዝቡ ተናግሯል" አለው። ድምፅ ተሰጠ። ስድስት ለአንድ፣ ሌምፒ።

ታንገን ደረጃው ላይ ጠበቃት።

"ሌምፒ፣ ስሜን ሰርዙልኝ በያቸው። እባክሽ።" የታጠፈ ወረቀት ዘረጋላት። "ይህን ብቻ አንብቢልኝ።"

"ፈራህ አይደል? ገና ምኑን አይተህ!"

ወረቀቱን ተቀበለችው፤ ዓይኑ እያየ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ታንገን ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

በወሩ የአገረ ገዥው ፊርማ መጣ። የዚያ ሳምንት ዓርብ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዓሣ ተጠብሶ ሲበላ፣ አጥማጆቹ ተራ በተራ አቀፏት።

"የቦርዱ ስብሰባ ዓሣ በሚገኝበት ሰሞን ሆነብን" አሏት። "ሥራ ፈትተን እንምጣ?"

"ምን ልትሠሩ? ወደ ሐይቃችሁ ሂዱ! እኔ አለሁላችሁ።"

ሌምፒ ለስብሰባው ሰማያዊ ካፖርት ገዛች። ቃለ መሐላ ፈጽማ ስሟ ከተጻፈበት ሰሌዳ ኋላ ተቀመጠች። አዳራሹ ጭር ብሏል። ታንገን አንድ ጥግ ይዟል። ሊያፌዝብኝ መጣ፣ አለች በልቧ። ቆይ ብቻ!

የመጀመሪያው አጀንዳ የጀልባ ማቆሚያው ነበር። ሰብሳቢው መነጽሩን አደረገ።

"ወይዘሮ ካርቮነን፣ ማቆሚያው ላይ ቤት ተከራይተዋል አይደል?"

"አሥራ አራት ዓመቴ። ምነው?"

"በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት፣ ጥቅሙ የሚነካ የቦርድ አባል በጉዳዩ ድምፅ አይሰጥም፣ አይናገርም፣ አዳራሹ ውስጥም አይቆይም። ይውጡልን።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ እዚሁ ስናገር አልነበረም እንዴ?"

"ያኔ የቦርድ አባል አልነበሩም።"

ወጣች። ወፍራሙ በር ተዘጋባት። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። አንቀጽ ዘጠኝ! የታንገን ሥራ ነው፣ ሌላ ማን ይህን ያውቃል? ሲወጣ አንገቱን ልታንቀው ቆረጠች።

በበሩ በኩል አንድ ሰው ለጀልባ ማቆሚያው ሲከራከር ተሰማት። ማን እንደሆነ አልለየችውም፤ ከአጥማጆቹ አንዱ የቀረ መሰላት። ይንተባተባል። ንግግር አይችልበትም ምስኪን።

"ሦስት ደቂቃ አልቋል" አለ ሰብሳቢው። "ሌላ ተናጋሪ?"

ማንም የለም።

ድምፅ ተቆጠረ፤ ሦስት ለሦስት። እኩል ሲሆን የሰብሳቢው ወገን ያሸንፋል። የጀልባ ማቆሚያው ለጠጠሩ ሄደ። አንድ ድምፅ፣ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነበር የጎደለው። ሌምፒ ሰማያዊ ካፖርቷን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

በሩ ተከፈተ። ሜቻም ከኩባንያው ጠበቃ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ወጣ። ሲያያት ቆም አለ።

"እንኳን ለወንበሩ አበቃሽ ሌምፒ" አላትና ሳቁን ቀጠለ።

ያ ብቻውን ሲከራከር የነበረው ሰው መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ኦርቪል ታንገን ነበር።