የዶክተር እልፍነሽ ቀኝ እጅ

በእኛ ዘመን የኤምአርአይ ምስል የሚነበበው በመዳፍ ነው። የታካሚው ሕመም አንባቢው ክንድ ላይ ይሰማል፤ ጥቂቱም እዚያው ይቀራል።

ዛሬ ለልምምድ የአንድ አናጢ ክርን ደረሰኝ። ሕመሙ ሲብስብኝ መዳፌን ከምስሉ አነሳሁና፣ "ጅማቱ ተበጥሷል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል" አልኩ።

"ቶሎ ሸሸሽ፣ ልጄ" አሉኝ አስተማሪዬ ዶክተር እልፍነሽ። መዳፋቸውን ምስሉ ላይ አሳርፈው በላብ እስኪጠመቁ ቆዩ። "አልተበጠሰም፤ ግማሹ ይዟል። አይነካ፣ ይረፍ ብቻ።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ክርን ስተው አያውቁም።

ምሳ ላይ ያ ቀኝ እጃቸው ከትሪው ወደ አፋቸው አልታጠፍ አለ። ጠቅልዬ አጎረስኳቸው።

"አንድ ያጣላል!" አሉኝ እየሳቁ።

ሁለተኛውን ሳጎርሳቸው የእኔንም ክርን ቆረጠመኝ።